ደንበኛ ስመዘግብ «ዱፕሊኬት» ይለኛል፤ ደንበኛው ግን አዲስ ነው

ሒሳብ ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ሽያጭ፣ ስቶክና ዱቤ የምንመዘግብበት ሲስተም አለን። እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ መረጃውን የሚይዘው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። በቅርቡ ሰርቨሩ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ላስገባ ስል ቀይ ሳጥን ብቅ ይልና አልመዘግብም ይለኛል። «ዱፕሊኬት ኪ» (የተደገመ ቁልፍ) የሚል ነገር አለበት፤ የኤረሩ ቁጥር 2601 ነው። ደንበኛው ግን ከዚህ በፊት እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። በስሙ ፈለግሁት፣ በስልኩ ፈለግሁት፣ የለም። የሚገርመው አንዳንዱ ደንበኛ ያለምንም ችግር ይገባል።

ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች «አንድ ሰው ደጋግማችሁ እያስገባችሁ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሻጮቹ ደግሞ ደንበኛ ፊታቸው አቁመው እኔን ይጠራሉ። ያጋጠመው ሰው አለ?

ኔትወርክ የለም፦
ይሄ የታወቀ ነገር ነው እህቴ። ሰርቨር ሲቀየር ተራ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ ወደ ኋላ ይቀራል። መዝገቡ 3000 ደርሷል፣ ቆጣሪው ግን ከ1 ይነሳል። 1ን ልስጥ ሲል 1 ተይዟል። ቆጣሪውን ከትልቁ ቁጥር በላይ አድርጉትና ተገላገሉ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ዳታ ከሌላ ቦታ ባስገባሁ ቁጥር ያጋጥመኛል።

ዳታ ቤት፦
ፖስትግሬስ ላይ እውነትህን ነው። እዚህ ግን አይመስለኝም። ቆጣሪው ቢሆን ኖሮ የሚጋጨው ዋናው ቁልፍ፣ ማለትም የረድፉ መለያ ቁጥር ነው፤ ያኔ ኤረሩ 2627 ይሆን ነበር። 2601 የሚመጣው አንድ ሰው ለብቻው የሠራው «እንዳይደገም» የሚል ኢንዴክስ (የአንድ አምድ ማውጫ) ሲነካ ነው። ደግሞ ቆጣሪ ሲበላሽ ሰው አይመርጥም። እሷ ግን አንዳንዱ ያልፋል ብላለች።

እህቴ፣ ቀዩን ሳጥን ከመዝጋትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልን። የኢንዴክሱ ስም እዚያ ላይ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ተጋጨ የተባለው ነገር በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ሌላው፣ የሚያልፉትና የማያልፉት ደንበኞች በምን ይለያያሉ?

ሒሳብ ክፍል፦
አሁን አየሁት። ኢንዴክሱ የደንበኛ ስም ላይ ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው ደግሞ እኔ አሁን የጻፍኩት ስም ራሱ ነው።

ልዩነቱን ሻጮቹን ጠየቅኋቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፉት ሁሉ ይገባል፤ በአማርኛ የጻፉት አይገባም። እነሱ ራሳቸው አንድ ዘዴ አግኝተዋል። ከስሙ ኋላ 1 ከጨመሩ ይገባል። ለሚቀጥለው ሰው ግን 1 አይሠራም፤ ስሙ ፈጽሞ ሌላ ቢሆንም 2 ማለት አለባቸው። እንዳትስቁ፣ አሁን 37 ላይ ደርሰናል።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
37! እሺ አልሳቅሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚያ የገቡት የአማርኛ ስሞች ተመልሰው ሲከፈቱ በትክክል ይነበባሉ ወይስ ጥያቄ ምልክት ሆነው ነው የሚታዩት? ፕሮግራመሩ አማርኛ የማይዝ የአምድ ዓይነት ከመረጠ፣ ወይም ጽሑፉን ሲልክ ፊቱ ላይ የምትቀመጠውን «ኤን» ከረሳት፣ እያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ያኔ ከበደም አበበም ሦስት ጥያቄ ምልክት ናቸው። አልማዝ አራት ስለሆነች ታልፋለች።

ሒሳብ ክፍል፦
በትክክል ይነበባል፣ ፊደሉ ምንም አልሆነም። አልማዝ የምትባል ደንበኛም አላለፈችም 😅

ዳታ ቤት፦
በቃ ተገኘ። ኮሌሽን ነው።

ሰርቨሩ ሁለት ስም አንድ ነው ወይስ የተለያየ የሚለውን እንደኛ ፊደሉን አይቶ አይወስንም። ለእያንዳንዱ ፊደል ክብደት የሚሰጥ ሠንጠረዥ አለው፤ ኮሌሽን የሚባለው እሱ ነው። የድሮዎቹ ኮሌሽኖች የተመሠረቱበት ሠንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮድ ቁጥር ዝርዝር) ውስጥ ራሱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ሠንጠረዡ የማያውቀው ፊደል ክብደት አይሰጠውም። ስለዚህ ሰርቨሩ አማርኛውን ማስቀመጥ ያስቀምጠዋል፣ ማሳየትም ያሳየዋል፤ ሲያወዳድር ግን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። «አበበ በላይ» የሚለው ስም ለሱ ባዶ ቦታ ነው። «ጫልቱ ዋቅጅራ»ም ባዶ ቦታ ናት። የመጀመሪያው የአማርኛ ስም ገባ፤ ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የሱ ድጋሚ ሆነ።

የ37ቱ ዘዴም የሠራው ለዚህ ነው። ቁጥር ክብደት አለው። ሰርቨሩ እናንተ ዘንድ 1፣ 2፣ 3 የሚባሉ ደንበኞች ያሉ ነው የሚመስለው።

ቴክኒሺያናችሁ ሁለት ደቂቃ ይስጥሽ። እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ «አበበ» እና «ጫልቱ» እኩል ናቸው ወይ ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቅ። ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ ስሙ ውስጥ 100 ያለበት ኮሌሽን ጨምሮ ይድገመው፤ ላቲን1 ጀነራል 100 ሲአይ ኤአይ ይሆናል። መልሱ ከተለያየ ጨርሰናል።

ኔትወርክ የለም፦
ይቅርታ፣ ይሄ እውነት ነው? ሰርቨር አበበንና ጫልቱን አይለይም?

ዳታ ቤት፦
ሞክረህ እየው። የትኛውንም ስም ከፈለግህ ጻፍ።

ሒሳብ ክፍል፦
ሞከረው። መጀመሪያ እኩል ናቸው አለ። 100 ያለበትን ሲጨምር አይደሉም አለ። ልጁ ፀጥ ብሎ ስክሪኑን አየና የራሱን ስምና የኔን ስም አስገባ። እኩል ናችሁ አለን። ቢሮው በሳቅ ሞተ።

የኛ ዳታቤዝ ኮሌሽን «ኤስኪውኤል ላቲን1 ጀነራል ሲፒ1 ሲአይ ኤኤስ» ነው የሚለው። ግን የድሮው ሰርቨር ላይ አማርኛ እንጽፍ ነበር እኮ። ያኔ ለምን አላስቸገረንም?

ዳታ ቤት፦
ዊንዶውሱ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ የሰርቨሩ መጫኛ በራሱ የሚመርጠው ይኸንኑ ነው። የመምረጫው ገጽ ጎን ላይ ስለሚቀመጥ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ የሚጭን ሰው አያየውም። የድሮውን የጫነ ሰው ሌላ መርጦ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ዳታቤዙን ከባክአፕ መልሰውት ቢሆን ኖሮ የድሮው ኮሌሽን አብሮት ይመጣ ነበር። ስላልመጣ ባዶ ዳታቤዝ ከፍተው መረጃውን በኤክሴል ነው ያስገቡት። ልክ ነኝ?

ሒሳብ ክፍል፦
አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ እንዴ? አዎ፣ በኤክሴል ነው።

ዳታ ቤት፦
እንግዲያው ኮሌሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ የድሮውና የአዲሱ ደንበኛ ብዛት። ሲያስገቡ የአማርኛ ስሞቹ በሙሉ ከመጀመሪያው በቀር «ዱፕሊኬት» ተብለው ተጥለዋል ማለት ነው። ማስገቢያው የሳተውን ረድፍ ዝለል ተብሎ ከነበረ ማንም አላወቀም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥሮቹ። ኤክሴል ከ11 አሃዝ የረዘመ ቁጥር ሲያይ አሳጥሮ ያሳየዋል። በ251 የሚጀምረው ስልክ 12 አሃዝ ነው። ፋይሉ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ተብሎ ሲቀመጥ የሚጻፈው ስክሪኑ ላይ ያለው ነው። 0911 የነበረ ሁሉ «2.51911ኢ+11» ወይም ተጠጋግቶ «2.51912ኢ+11» ይሆናል። የ0911 ሰው በሙሉ ሁለት ስልክ ብቻ ተካፈለ ማለት ነው፤ መርካቶ ደግሞ ነባሩ ነጋዴ ግማሹ 0911 ነው። በ09 የተጻፈው ደግሞ ዜሮውን ይጥላል።

የአቅራቢዎችን የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አትርሺ። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ነው የሚጀምረው። በዚህ መንገድ ካለፈ ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። እሱን ሳታዪ ክፍያ እንዳታስተላልፊ።

ሒሳብ ክፍል፦
ቆጥረን መጣን። እንዳልከው ነው። የአማርኛ ስም የነበራቸው ደንበኞች የሉም። ዱቤ ያለባቸው ጭምር! ለካ የወሩ ተሰብሳቢ ሒሳብ አልገጥም ያለኝ በዚህ ነው። ስልኩም እንዳልከው ሆኗል። የባንክ ሒሳቡን ግን በእጃችን ስለምንጽፍ ተርፏል።

ደግነቱ የድሮው ሰርቨር ገና አልተጣለም፤ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አሁን ማን ይንካው?

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
የማስተካከያውን ነገር ልንገራችሁ፣ ሠርቼዋለሁና።

መጀመሪያ ባክአፕ። ባክአፑ ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መነሳቱን እዩ፤ ፋይል መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ሽያጭ በማይኖርበት ሰዓት ኢንዴክሱን አንሱት፤ እሱ እያለ አምዱ አይቀየርም። የስሙን አምድ ኮሌሽን ወደ 100ው ቀይሩ፣ ኢንዴክሱን መልሱ። የደንበኛ ስም ብቻ አይደለም፤ የአቅራቢ ስም፣ የዕቃ ስም፣ አድራሻ፣ አማርኛ የሚጻፍበት ሁሉ። የዕቃ ስም ላይ ፍለጋ ራሱ ሲያሾፍባችሁ ነበር፤ «ምስማር» ብላችሁ ስትፈልጉ «ቆርቆሮ» መጥቶ ከሆነ እሱ ነው።

ቢን2 የሚባለውን ኮሌሽን የሚመክራችሁ ሰው ይኖራል። አማርኛውን ይለያል፣ እውነት ነው። ግን በኮድ ቁጥር ስለሚያወዳድር የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል። በትልቅ ፊደል የተጻፈውና በትንሽ የተጻፈው አንድ ሰው ሁለት ደንበኛ ይሆንባችኋል።

ከቀየራችሁ በኋላ አንዳንድ ሪፖርት ኤረር 468 ሊሰጥ ይችላል። አትደንግጡ። ሪፖርቱ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ሲሠራ የሰርቨሩን ኮሌሽን ይዞ ነው የሚሠራው፤ የናንተ አምድ ደግሞ አሁን ሌላ ነው፤ ሁለቱ አልስማማም ይላሉ። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ጊዜያዊ ሠንጠረዡ የአምዱን አዲስ ኮሌሽን እንዲወስድ ማድረግ አለባቸው። ይሄ የነሱ ሥራ ነው፤ አሁን ስልክ የሚዘጉበት ምክንያት የለም።

የተጣሉትን ደንበኞች የምትመልሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኤክሴል ሳይሆን ከድሮው ዳታቤዝ በቀጥታ።

ጋሽ ቆርቆሮ፦
ልጆች፣ ዳር ሆኜ እያነበብኩ ነበር። እኔ የቆርቆሮ ነጋዴ ነኝ፣ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስሙን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፉና ተገላገሉ ብል ምን ይላችኋል? እኛ ሱቅ እንደዚያ ነው።

ባለፒችትሪ፦
ጋሼ፣ ግማሽ አገር እንደዚያ ነው። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ስንት ዓመት የሠራን ሰዎች አማርኛ ጽፈን አናውቅም። ግን እዚያም መከራው አለ። የደንበኛ መለያው ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። አንዷ ገንዘብ ያዥ በትልቅ ትጽፋለች፣ ሌላዋ በትንሽ። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱ ደንበኛ ሁለት ካርድ፣ ማለትም ሁለት የደንበኛ መዝገብ አለው።

ዳታ ቤት፦
ጋሽ ቆርቆሮ፣ ሰርቨሩ ዝም ይልዎታል፤ ሌላው ችግር ግን ይብሳል። አሁን የሒሳብ ክፍሏ ችግር የተለያየውን አንድ ማድረግ ነው። እሱ ቢያንስ ይጮሃል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰው ብዙ ይሆናል፣ ይሄኛው ደግሞ አይጮህም። ጸጋዬ የሚለውን ስም ሦስት ሻጮች በእንግሊዝኛ ይጻፉልዎት። ሦስት ዓይነት ካልመጣ እኔ ቡና እጋብዛለሁ። ሰውየው በአንደኛው ካርድ ዱቤው ሞልቶ በሌላው አዲስ ይወስዳል።

ጋሽ ቆርቆሮ፦
ይሄ ደርሶብኛል።

ቨርጂኒያ ነዋሪ፦
እዚህ የኛ ሰዎች ሱቅና ሬስቶራንት ሒሳብ እሠራለሁ፣ ኩዊክቡክስ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም። እዚህ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ኩዊክቡክስ አንድን ስም በደንበኛ፣ በአቅራቢና በሠራተኛ ዝርዝር ላይ ሁለቴ አይቀበልም። እንጀራ የሚያመጣልን ሰው ራሱ ሬስቶራንቱ ውስጥ ድግስ ቢያዝ፣ አቅራቢ ስለሆነ ደንበኛ መሆን አይችልም። እኛ ለአቅራቢው ስም ጭራ እንጨምርለታለን፤ ቼክ ላይ የሚወጣው ስም ግን ሳይነካ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚያው አንድ ዝርዝር ውስጥ ያለን ስም ልክ እንደ ሌላው አድርጋችሁ ከቀየራችሁት «ላዋህዳቸው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካላችሁ መመለሻ የለውም።

ሒሳብ ክፍል፦
ኮሌሽኑ ተቀየረ! ደንበኞቹም ተመለሱ። አሁን ግን ሌላ ጉድ ወጣ። «1»፣ «2» እየተባሉ የገቡት 37ቱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ከድሮው የተመለሱት ራሳቸው ናቸው። በመሐል ሻጮቹ በእንግሊዝኛ ያስገቧቸውም አሉ። አንድ ሰው ሦስት ቦታ አገኘሁ፦ «ኃይሉ ገ/ማርያም»፣ «ሀይሉ ገብረማርያም 14» እና በእንግሊዝኛ። ሦስቱም ላይ ደረሰኝ ተቆርጧል። ሲስተሙ ደግሞ አሁን ዝም አለ፤ ለሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ዳታ ቤት፦
አዎ፣ ኮሌሽኑ ሃሌታውን ሀ ከብዙኃኑ ኀ አንድ አያደርግልሽም። ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መዝገቡ ላይ የሰውየው ስም ራሱ እንደሚጽፈው ይቆይ፤ እሱን አትንኩ። ከጎኑ ማንም የማያየው የመፈለጊያ አምድ አሠሩ። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ ሁሉ ሀ ይሁኑ፤ ሠ ሰ ይሁን፤ ዐ እና ዓ አ ይሁኑ፤ ፀ ጸ ይሁን፤ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ። ክፍት ቦታ ይውጣ። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ሐጂ ይውጡ። ኃ.የተ.የግ.ማ. በነጥብም በእዝባርም በሙሉ ቃልም ስለሚጻፍ ይውጣ። ገ/ ገብረ ይሁን። ወ/ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል። ተ/ም ተክለም ተስፋም አለ። እነሱን ለሰው ተዉት።

ይሄ አምድ ግን እንዳይከለክል። ያስጠንቅቅ ብቻ፦ «የሚመስል ሰው አለ፣ እሱ ነው?» ብሎ ከነስልኩ ያሳያት። አበበ ከበደ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ነው? በስም ላይ «እንዳይደገም» የሚል ኢንዴክስ ማድረግ ራሱ ከመነሻው ልክ አልነበረም።

ኔትወርክ የለም፦
ታዲያ በምን ይለይ? በቲን ቁጥር?

ዳታ ቤት፦
ቲን ይሻላል። 10 አሃዝ ነው፣ ሰው በየጊዜው አይቀይረውም። ግን ሱቅ መጥቶ ሁለት ኪሎ ምስማር የሚገዛ ሰው ቲን አይሰጥሽም። ቦታው ግዴታ ከሆነ ሻጯ አሥር ዜሮ ትጽፋለች፤ ሁለተኛው የአሥር ዜሮ ሰው ሲመጣ ያው 2601 ነው። ባዶ ይተው ብትይ ደግሞ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «እንዳይደገም» የተባለ ኢንዴክስ አንድ ባዶ ብቻ ነው የሚቀበለው። መፍትሔው ኢንዴክሱ ቲን ያላቸውን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ከሚባለው ሥሪት ጀምሮ ይቻላል። ፖስትግሬስ በራሱ ባዶ የሆኑትን እንደ ድጋሚ አይቆጥርም፣ ለዚህ ነው ወንድማችን ያላጋጠመው። ስልክ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 9 አሃዞች ብቻ ይወዳደሩ፤ በ09 ተጻፈ በ251፣ በ07ም ቢሆን ያው ነው።

ሒሳብ ክፍል፦
ይሄን እንዲሠሩ እነግራቸዋለሁ። ሦስቱን ኃይሉዎች ግን አሁን እንዴት ላዋህድ? ሁለቱን ልሰርዝ?

ባለፒችትሪ፦
እንዳትሰርዢ! ይሄ ላይ እኔ ልመልስ፣ የሒሳብ ሰው ነኝ።

የሚቀረውን ምረጪ። ቲን ያለው ካርድ ይቅር። የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ ያለ ስምና ቲን እንደወጣ ይቆያል፤ እሱን ወደ ኋላ ሄዶ መቀየር ኦዲተር ፊት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ከሁለቱ ካርዶች ላይ ያልተከፈለውን ሚዛን ብቻ በጆርናል ወደሚቀረው አዛውሪ። ማብራሪያው ላይ ከየትኛው ካርድ ወደየትኛው እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ ሁለቱን «የማይሠራ» አድርጊያቸው፤ ስማቸው ፊት የሚቀረውን ካርድ ቁጥር ጨምሪ። የዛሬ ዓመት አንድ ሰው የድሮ ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ በዚያ ታገኚዋለሽ።

ከመጀመርሽ በፊት የተሰብሳቢውን ጠቅላላ ድምር በወረቀት አውጪ። ስትጨርሺ ደግመሽ አውጪ። አንድ ሳንቲም መለያየት የለበትም። አንዱን ሰው ጨርሰሽ ወደ ሌላው እለፊ እንጂ 37ቱን በአንዴ አትነካኪ። ደግሞ ዱቤ ካለበት ሰው ጋር በስልክ ተማመኚ፤ ድንገት ዕዳው ሲጨምርበት ይደነግጣል።

ሒሳብ ክፍል፦
ገብቶኛል። ኃይሉን ዛሬ ጨረስኩት፤ ድምሩ ገጠመ። ሻጮቹም «38» ማለት አቆሙ።

ጋሽ ቆርቆሮ፦
እኔም አንድ አለኝ። አንድ ደንበኛ አለ፣ መርካቶም አዳማም ሱቅ አለው። ሁለት ካርድ አውጥተንለታል። ቲኑ ግን አንድ ነው። ላዋህደው ወይስ ልተወው? ሁለት ቦታ ነው ዕቃ የምልክለት።

ባለፒችትሪ፦
ጋሼ፣ ከፋዩ አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ ካርድ፣ አንድ የዱቤ ገደብ። መርካቶና አዳማን እዚያው ካርድ ሥር የመላኪያ አድራሻ አድርጓቸው። ሪፖርቱን በአድራሻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። አሁን እንዳለው ከሆነ ገደቡ 200 ሺህ ብር ቢሆን በሁለቱ ካርድ 400 ሺህ እየወሰደ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ቆርቆሮ፦
ልጄ አሁን ደምራ አሳየችኝ። ከገደቡ አልፏል። ነገ ሊጭን መኪና ልኳል፤ ዛሬ ማታ ካርዱን አንድ እናደርጋለን።